ነፃ አንቲቫይረስ ከመጫናችሁ በፊት

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የምትጠቀሙ ከሆነ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አብሮት መጥቷል። ነፃ ነው፣ ራሱን ያድሳል፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሌላ ስትጭኑ እሱ ቦታውን ይለቃል፤ ሁለት ጠባቂ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ነፃዎቹ ቫይረስ በመያዝ አይታሙም፣ ብዙ ጊዜ ቫይረስ የሚለየው ሞተራቸው ከሚከፈልበት ጋር አንድ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። "ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው፣ አሁኑኑ ይግዙ" እያለ በየጊዜው ብቅ የሚለው መልእክት ያሰለቻል፣ ሲጫን ደግሞ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባትን ትንሽ ሳጥን ካላያችሁ ያልጠየቃችሁትን ብራውዘር ይዞ ሊገባ ይችላል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን የዳታችን ጉዳይ ነው፤ ነፃ አንቲቫይረስ የሚሰራው አቫስት የተባለ ኩባንያ የተጠቃሚዎቹን የብራውዘር መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ንዑስ ኩባንያው በኩል ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

የግድ ልጫን ካላችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፣ ስትጭኑ "ከስተም" የሚለውን መርጣችሁ የማትፈልጉት ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ ከዚያ ሴቲንግ ገብታችሁ ዳታ ማጋራትን አጥፉ። ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሰራ የተሰበረ) የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ግን በጭራሽ አትንኩ፣ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ እዚያው ክራኩ ውስጥ ነው ያለው።