ተዋናይ ራሱን እንዴት ይፈትሻል? ከጣና ዳር የተለመደ ልምምድ

ባህር ዳር ውስጥ በአንድ የቲያትር ክበብ ትወና ስጀምር ድምፄ ትልቁ ሀብቴ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ልምምዳችንን በስልኳ ቀረጸችው። ስሰማው ደነገጥኩ። የዓረፍተ ነገሮቼ መጨረሻ ሁሉ ተውጧል። ከዚያ ወዲህ ራሴን የምፈትሸው እንዲህ ነው።

ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ መነባንብ በቃላችሁ ያዙ። ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሐይቁ ዳር ውጡ። ስልካችሁን ድንጋይ ላይ አስደግፉና አሥር እርምጃ ርቃችሁ ተውኑ። እዚያ ድምፅ የሚመልስላችሁ ግድግዳ የለም። ትንፋሻችሁ ያደረሰው ብቻ ይሰማል።

ቀረጻውን መጀመሪያ ሳታዩ ስሙት። «ይሄማ የኔ ድምፅ አይደለም» ትሉ ይሆናል። የእናንተው ነው። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው ወፈር ብሎ ይሰማናል። ለተመልካች የሚደርሰው ወደ ቀረጻው ያደላል።

አሁን ማሰሪያ አንቀጹን ፈልጉ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ትንፋሽ እዚያ ካለቀ ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል። «ወንድምሽን እኔ አልገደልኩትም» የሚል ቃል ነበረኝ። የሚሰማው ግን «ወንድምሽን እኔ» ድረስ ነው። ገደለው? አዳነው? ተመልካቹ በምን ይወቅ! መፍትሔው ከኋላ ወደ ፊት መለማመድ ነው። «አልገደልኩትም» በሉ። ከዚያ «እኔ አልገደልኩትም»። ከዚያ ሙሉውን። ማጥበቅና ማላላታችሁንም አድምጡ፤ ጽሑፉ አያሳየንምና። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ግን መኖሩን ነው የሚነግረን።

ቀጥሎ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። እኔ ቀኝ እጄ ሱሪዬን ቆንጥጦ ይዞ አገኘሁት፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ! እዚያው ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ከሰው ጋር እያወራ ደንገሉን ጠበቅ አድርጎ ያስራል። እጁ ሥራ አለው። ለገጸ ባህሪያችሁም ለእጁ ሥራ ስጡት።

ከዚያ ሰው ጠይቁ። እኛ ጋ ይሉኝታው ከባድ ነው፤ «እንዴት ነበርኩ?» ካላችሁ መልሱ «አሪፍ ነበር» ነው። ይልቅ «የቱ ጋ ሐሳብህ ሸሸ?» በሉ። ይህን ማንም ሳይሳቀቅ ይመልሰዋል።

የተገኘውን ደብተር ላይ ጻፉ። ሩሲያዊው ተዋናይና የቲያትር አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪ (1863–1938) ከልጅነቱ ጀምሮ የትወናውን ጉድለት በደብተር ይመዘግብ ነበር። ስትጽፉ የሚታረመውን ከማይታረመው ለዩ። ትንፋሽና እጅ በልምምድ ይታረማሉ። ቁመትና የድምፅ ቅጥነት ብዙም አይለወጡም፣ ግን የሚመጥናቸው ገጸ ባህሪ አለ። የኔ ቀጭን ድምፅ ለንጉሥ አልሆነም። ክፉ ወሬ ይዞ ለሚሮጥ መልእክተኛ ግን ልክ ሆነ።

በሳምንቱ እዚያው ቦታ፣ ያንኑ መነባንብ፣ አንድ ጉድለት ብቻ መርጣችሁ እንደገና ቅረጹ። የመጀመሪያውን ቀረጻ አታጥፉት።