የፔይንትቦል ታንክ ስትገዙ፦ ሲኦቱ ወይስ አየር?

ጥር ነበር፤ ሜሪላንድ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከሲልቨር ስፕሪንግ አራት ሆነን ፔይንትቦል፣ ማለት በቀለም ኳስ መተኳኮስ፣ ልንጫወት ሄድን። ኳሱን የሚገፋው ከጠመንጃው ጋር የሚገጠም ታንክ ውስጥ ያለ ጋዝ ነው። ገና አንድ ሁለት ዙር እንዳርከፈከፍኩ ታንኬ ውርጭ ለበሰ፤ ከአፈሙዙ ነጭ ጉም ቡልቅ አለ። ኳሶቹም ጉልበት አጥተው ግማሽ መንገድ ላይ ዱብ። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ “ፍሪጁ” ይሉኛል።

ጥፋቱ የጠመንጃው አልነበረም፤ የጋዙ ነው። ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ታንክ ውስጥ የሚቀመጠው ፈሳሽ ሆኖ ነው። ወደ ጋዝ ለመቀየር ሙቀት ይፈልጋል። 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ግፊቱ 850 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ዜሮ ላይ ወደ 500 ይወርዳል። በላይ በላዩ ስትተኩሱ ደግሞ ታንኩ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፈሳሹም ሾልኮ ጠመንጃው ውስጥ ይገባል። ተራው ሜካኒካል ይችለው ይሆናል። በባትሪ የሚሠራውን ግን ኦሪንጉንም (ጋዝ እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ቫልቩንም ይጨርስበታል።

የታመቀ አየር ይህ ጣጣ የለበትም። ከመነሻው ጋዝ ነው፤ ታንኩ አናት ላይ ያለው ግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር) እየመጠነ ይለቀዋል። ታንኩ ላይ 48/3000 ወይም 68/4500 የሚል ታያላችሁ። የፊተኛው ይዘቱ ነው፣ በኪዩቢክ ኢንች። የኋለኛው ግፊቱ ነው፣ በፒኤስአይ። 48/3000 አሉሚኒየም ነው፤ ርካሽ፣ ከባድ፣ 500 ጥይት ገደማ የሚያስተኩስ። 68/4500 ካርቦን ፋይበር ነው፤ ቀለል ይላል፣ እጥፍ ያህል ያስተኩሳል፣ ኪስ ግን ይጎዳል። እኔ እሱን ገዛሁ፤ አልቆጨኝም።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን የምትጫወቱበት ሜዳ ደውሉ። “ምን ትሞላላችሁ? እስከ ስንት?” በሉ። እስከ 3000 ብቻ የሚሞላ ከሆነ ባለ 4500ው ሁሌ ጎዶሎ ነው።

ሲኦቱ ለማን ይሁን? በሙቀት ወራት ጓሮው ውስጥ ረጋ ብሎ ለሚተኩስ። ብቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የደህንነት ዲስኩ ይፈነዳል፤ ጋዙም ባዶ እስኪሆን ይወጣል።

አሮጌ ታንክ ስትገዙ ላዩ ላይ የታተመውን የፍተሻ ቀን እዩ። አብዛኛው በየ5 ዓመቱ የግፊት ፍተሻ ያስፈልገዋል። እኔ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ዘልዬ ገዛሁ። ሜዳ ላይ ሞይው ልጅ ቀኑን አየና “ይቅርታ” ብሎ መለሰልኝ። የአየር መሙያው ጫፍ ላይ ደግሞ ዘይት እንዳትቀቡ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ ታንኩ አናት ላይ ካለው ቫልቭ እስከ ታንኩ አንድ መስመር አሰመርኩ። ታንኩን ከጠመንጃው ስፈታ መስመሩ ከተዛነፈ፣ እየተፈታ ያለው ቫልቩ ነው ማለት ነው። ያኔ ወዲያው አቁማለሁ፤ ቫልቩ ተስፈንጥሮ ሰው የገደለበት ጊዜ አለና። ቀለሙን እስካሁን አልመለስኩላትም።