አዋሽ በረሃ ስትወርዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከፍኖተ ሰላም የሚነሱ ተማሪዎችንና ቤተሰቦችን ይዤ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እወርዳለሁ። መንገዱ ረጅም ነው። ዓባይ በረሃን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ የጅቡቲን አስፋልት ይዞ ነው የሚደረሰው። ያን ያህል የለፋ ሰው ብዙ ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን አንዳንድ ነገር ሲደጋገም ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሳላ የሚባለውን ቀንዳም የዱር እንስሳ በመኪና ማባረር ነው። ፓርኩ ውስጥ ባለው ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላዎች ሲግጡ ይታያሉ። ቀንዳቸው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ ፊታቸው ነጭና ጥቁር። ወዲያው ከኋላ ወንበር «ጠጋ በል! ጠጋ በል!» ይጀመራል። ሾፌሩም እንግዶቹን ላስደስት ብሎ ከመንገድ ይወጣና በሣሩ ላይ ይነዳል። ሳላዎቹ ይበረግጋሉ፣ መኪና ውስጥ ይጨበጨባል። አንድ ቀን ከፊታችን የነበረ መኪና በጠራራ ፀሐይ እንዲህ አባረራቸው። መንጋው ርቆ ሄደ፣ አንድ ጥጃ ግን ወደ ኋላ ቀረ። አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። በመኪናው ውስጥ ግን ሁሉም ስልኩ ላይ ያነሳውን ቪዲዮ ያያል።

ሳላ በረሃ ላይ የሚኖረው ውሃ ቆጥቦ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ቶሎ አያልበውም። የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያወጣዋል። ከሚበላው ቅጠልና ሥርም እርጥበት ያገኛል። እኩለ ቀን ላይ ማስሮጥ ማለት ነሐሴ ላይ ጎታ ሥር የቀረችውን እህል መድፋት ነው። እባካችሁ ከመንገድ አትውጡ። ሞተር አጥፉና ጠብቁ። ዝም ካላችሁት ብዙውን ጊዜ ወደ ግጦሹ ይመለሳል።

ሌላው ሰዓት አለመምረጥ ነው። አርፍዶ ተነሥቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በር ላይ መድረስና «እንስሳ የለም» ማለት። እንስሳውማ አለ፣ ግራር ሥር ተኝቷል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ውጡ፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ።

ወንዙ ውስጥ እግር አትንከሩ። አዞ አለ። ፏፏቴው ዳር ለዝንጀሮ ዳቦ አትወርውሩ፣ ነገ ከልጅ እጅ መንጠቅ ይለምዳል። ፍልውሃ ለመሄድ ካሰባችሁም መጀመሪያ የፓርኩን ጠባቂዎች ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ ተራራ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ ነው የሰነበተው።

የሜዳ አህያ ለማየት የመጣችሁ ደግሞ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ስትዞሩ አትዋሉ። ሃላይደጌ ወደሚባለው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ስፍራ ሂዱ። እዚያ ያለው ጆሮው ትልቅና ክብ፣ መስመሩ ቀጭንና የተጠጋጋ ነው። በመላው ዓለም የቀረው ጥቂት ነው።

አንድ ስህተት ግን እኛ የደጋ ሰዎች ላይ ይብሳል፦ አረንጓዴ ያየነውን ሁሉ ማድነቅ። ከአዋሽ ከተማ አልፎ ወደ ገዋኔ ሲኬድ መንገዱ ግራና ቀኝ በዛፍ ይሞላል። «በረሃው ለማ!» ይባላል። ያ ዛፍ ፕሮሶፒስ ነው። በደርግ ጊዜ አሸዋና ነፋስ ይከላከላል ተብሎ ተተከለ፣ አሁን ግጦሹን ውጦታል። ከብት ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ በእበቱ ይሰራጫል። ሥሩ ይጠልቃል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሜዳው ሲዘጋ ከብቱም፣ የሜዳ ፍየሉም፣ ሳላውም ሣር ያጣል። ጣና ላይ የእምቦጭን ነገር አይተን ለምናውቅ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አንዲት እናት ፍሬውን በፌስታል ሞልተው «ጓሮዬ እተክለዋለሁ» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ለምኜ አስጣልኳቸው። እናንተም ፍሬውን አታንሡ፣ ከብት ግቢ የቆመ መኪና ካላችሁም ጎማውን አጥባችሁ ተመለሱ።

በመጨረሻ፣ አፋሮችን በመስታወት እያያችሁ አትለፉ። እነሱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ዳጉ ይሉታል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ከብቱ የት ዋለ ይባባላሉ። ስለ አካባቢው ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። መኪናውን አቁሙ፣ ውረዱ፣ ሰላምታው ላይ አትቸኩሉ። ፎቶ ማንሣት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ እምቢ ካሏችሁም ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱ።