ኮምቦቦክስ ላይ ተጠቃሚው እንዳይጽፍበት

በዊንዶውስ ፎርምስ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለምትሠሩ፦ ኮምቦቦክስ (ተጠቃሚው ከዝርዝር የሚመርጥበት ሳጥን) ፎርሙ ላይ እንዳስቀመጣችሁ ድሮፕዳውንስታይል የሚለውን ፕሮፐርቲ ወደ ድሮፕዳውንሊስት ቀይሩት። ካልቀየራችሁት ተጠቃሚው ከዝርዝሩ መምረጡን ትቶ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ያኔ አንዷ ከተማ «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «አዋሳ» እየተባለች ዳታቤዙ ውስጥ ትገባለች፤ ሪፖርት ሲወጣ ሦስት ከተማ ሆና ትቆጠራለች። በአማርኛ ለሚሞላ ፎርም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዝርዝሩ ከዳታቤዝ የሚመጣ ከሆነ ዲስፕሌይሜምበርንና (ለተጠቃሚው የሚታየውን ዓምድ) ቫልዩሜምበርን (ከምርጫው ጀርባ የሚያዘውን ዋጋ የያዘውን ዓምድ) ከዳታሶርስ (ዝርዝሩ ከሚመጣበት ምንጭ) በፊት አስቀድሙ። ምርጫው ሲቀየር የሚነሳው ሰሌክትድኢንዴክስቼንጅድ የሚባለው ኢቨንት ዳታው ሲጫንም ስለሚነሳ፣ ተጠቃሚው ራሱ ሲመርጥ ብቻ መሥራት ያለበትን ኮድ ሰሌክሽንቼንጅኮሚትድ የሚባለው ኢቨንት ውስጥ ጻፉት። ዳታው ከተጫነ በኋላ ደግሞ ሰሌክትድኢንዴክስን (የተመረጠውን ተራ ቁጥር) -1 አድርጉት፣ ምንም አልተመረጠም ማለት ነው፤ አለዚያ ማንም ያልመረጠው የመጀመሪያው ስም እንደ ምርጫ ተቆጥሮ ይመዘገባል።