የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምዝገባ ሲቃረብ የወላጅ ሁሉ ወሬ «የትኛው ይሻላል?» ነው። በአካባቢው ሁለት ሦስት የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ካሉ ማወዳደሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ብዙዎቻችን የምናየው ግቢውን ነው፤ ልጁ የሚውለው ግን ክፍል ውስጥ ነው።

በቀለምና በሕንፃ መማረክ። አዲስ አጥርና በካርቱን ያሸበረቀ ግድግዳ ዓይን ይስባል። ግድግዳ ካዩ አይቀር ግን የተለጠፉትን የልጆች ሥራዎች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ቢራቢሮዎቹ ሁሉ ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ የሠራቻቸው መምህሯ ናት ማለት ይቻላል። አንዱ ሦስት ክንፍ፣ ሌላው አሥር እግር ካለው ልጆቹ ራሳቸው ሞክረዋል።

«የዚያኛው ልጆች ፊደል ጨርሰዋል» በሚል መወሰን። ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ፊደል አይማሩ እያልኩ አይደለም። ግን የአራት ዓመት ልጅ ብዙውን ነገር የሚማረው በጨዋታና በወሬ ነው። ብሎክ ሲደረድር ይቆጥራል፣ ይለካል፣ ተራ መጠበቅ ይለምዳል። ስለዚህ ከተፈቀደልዎ ክፍል ገብተው ጥግ ይያዙና የመምህሯን አነጋገር ያዳምጡ። ከ«ቁጭ በል» እና «ዝም በይ» ውጪ የሚሰማ ነገር አለ? የብሎኩ ግንብ ሲናድ «ለምን የወደቀ ይመስልሃል?» ብላ ጠይቃ፣ ልጁ እየተንተባተበ እስኪጨርስ የምትጠብቅ መምህርት ካገኙ ትልቅ ነገር አገኙ።

የዕለቱን ፕሮግራምም ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ልጆቹን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል መዋዕለ ሕፃናት ይህን ከየት ያመጣዋል?

የልጆቹን ብዛት ብቻ መጠየቅ። ሃያ ልጅ ከሁለት አዋቂ ጋር እና ሃያ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር የተለያየ ነገር ነው። የአሜሪካው የሕፃናት ትምህርት ብሔራዊ ማኅበር ለአራት ዓመት ልጆች የሚያስቀምጠው ጣሪያ ለአንድ አዋቂ 10 ልጅ ነው። የአካባቢዎ ደንብ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል። ደግሞ ረዳት መምህርቷ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳትሆን። በጉብኝትዎ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ራስዎ ይቁጠሩ።

ለጎብኚ በተዘጋጀ ቀን ብቻ መሄድ። ያን ቀን ሁሉም መዋዕለ ሕፃናት ያምራል። ጠዋት ልጆች ሲገቡ በር ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ። እናቱን አልለቅም ብሎ የሚያለቅሰውን ልጅ ማን ነው የሚቀበለው? እንዴትስ ያባብለዋል? መጸዳጃ ቤቱንም ሳያዩ አይውጡ፤ ውኃ መኖሩን፣ ሳሙናው ልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ መቀመጡን።

የጎረቤትን ወሬ እንዳለ መዋጥ። «እዚያ እንዳትወስጂው» ሲባሉ «ለምን? መቼ ነው?» ይበሉ። የተወራባት መምህርት ከለቀቀች ቆይታ ይሆናል። መምህራኑ እዚያ ስንት ዓመት እንደቆዩ መጠየቅም አይርሱ፤ በየጊዜው የሚቀያየሩ ከሆነ ልጁ በለመደ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሰዓቱን መርሳት። ግማሽ ቀን ነው ሙሉ ቀን? ቢያረፍዱ ልጁ ከማን ጋር ይቆያል? ነፃ ነው ቢባልም ሌላ ክፍያ አለ? ምዝገባው የአካባቢውን ነዋሪ ያስቀድማል? እነዚህን ሁሉንም መዋዕለ ሕፃናት በአንድ ዓይነት አነጋገር ይጠይቁና መልሱን እዚያው ይጻፉ። በክፍሉ ውስጥ ያዩት ተመሳሳይ ከሆነ፣ በእግር የሚደረስበትን ይምረጡ።