«ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን ሞተዋል»ን ሳይደናገሩ ለማየት

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ቶም ስቶፓርድ የራሱን ተውኔት ወደ ፊልም ቀይሮ ያዘጋጀው ይህ ሥራ በ1990 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ አሸንፏል። ሁለቱ ባለታሪኮች የተወሰዱበትን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ሳያውቁ የከፈቱት ግን ብዙውን ጊዜ ግማሹ ላይ ይተዉታል፤ ቀልዱ የቆመው ተመልካቹ የሚያውቀውን ሁለቱ ሰዎች ባለማወቃቸው ላይ ነውና።

አስቀድመው «ሐምሌት»ን ሙሉውን ማንበብ ግድ አይደለም። 2ኛ ገቢር 2ኛ ትዕይንት፣ 3ኛ ገቢር 2ኛ ትዕይንትና የመጨረሻው ትዕይንት ይበቃሉ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

ሲጀምር ሳንቲሙን ይከታተሉ። ሁሌ ዘውድ እንጂ ጎፈር አይወጣም። አሥር ጊዜ በተከታታይ ዘውድ የመውጣት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው፤ ፊልሙ ግን ከዚያም እጅግ አልፎ ይሄዳል። ዕጣቸው አስቀድሞ መጻፉን የሚነግረን በዚህ ነው።

ስማቸው ቢምታታብዎ አይጨነቁ፣ እነሱም ይምታታባቸዋል። ጋሪ ኦልድማን ሮዘንክራንትዝ፣ ቲም ሮት ጊልደንስተርን ነው። ኦልድማን ከንግግሩ ጀርባ በእጁ የሚነካካውን ነገር አይለፉ፤ ታላላቅ የፊዚክስ ግኝቶች አፍንጫው ሥር ደርሰው ያመልጡታል።

በቴኒስ ሜዳው የጥያቄ ጨዋታ ላይ ግን ቆም ብለው መልሰው ይዩት። ጥያቄን በጥያቄ ብቻ መመለስ ነው ሕጉ፤ ጥያቄ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር የተናገረ ወይም ጥያቄ የደገመ ነጥብ ይጥላል። የትርጉም ጽሑፍ እዚህ ላይ ስለሚዘገይ እንግሊዝኛውን በጆሮ መከተል ይሻላል።