የፎርክሊፍትን የነዳጅና የኤሌክትሪክ ፍጆታ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ስለ ፎርክሊፍት (ዕቃ እያነሳ የሚያጓጉዝ የመጋዘን ማሽን) ፍጆታ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው አዲስ ማሽን መግዛትን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ አሠራሩን እዩ እላለሁ። ባዶውን የሚመላለስ ማሽን አዲስም ሆነ አሮጌ ያው በከንቱ ይበላል።

ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ዳሽቦርዱ ላይ ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ ፈረቃው ሲጀመርና ሲያልቅ ቁጥሩን ጻፉ። የተቀዳውን ናፍጣ በሊትር፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩ የሳበውን በኪሎዋት ሰዓት አስፍሩ። ከዚያ ለተነሳው ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት መደብ) ብዛት አካፍሉት። ይህ ቁጥር ከሌለ በኋላ የምታደርጉት ለውጥ መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ የልቀቱም ስሌት ከዚሁ ይገኛል።

ቀጥሎ መንገዱን አሳጥሩ። ቶሎ ቶሎ የሚወጣውን ዕቃ ወደ መጫኛው በር አቅርቡ፤ ከባዱን ደግሞ ታች አስቀምጡ። ፓሌት ያደረሰ ኦፕሬተር ሲመለስ ሌላ ይዞ እንዲመለስ ሥራውን አቀናጁ።

ወረቀት እስኪፈረም ሞተር አስነስቶ መቆም ይቅር። ብዙ ማሽኖች ኦፕሬተሩ ከወንበሩ ሲነሳ ጥቂት ቆይተው በራሳቸው እንዲጠፉ ማድረግ ይቻላል፤ ቴክኒሻኑን ጠይቁ። የአየር ማጣሪያውንም በጊዜው ቀይሩ።

ጎማና ፍሬን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። በአየር የሚሞላ ጎማ ሲጎድል ማሽኑ ይከብደዋል። ፍሬኑን ለማየት ከሥራ በኋላ ማሽኑን አቁማችሁ አጥፉት፤ ከዚያ ምንም ሳትነኩ እጃችሁን ወደየጎማው መሃል አስጠጉ። አንዱ ከጓደኛው ይልቅ ከጋለ፣ ፍሬኑ ሳይለቅ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ያ ሙቀት የከፈላችሁበት ኃይል ነው።

ወደ ባትሪ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የአሲድ ባትሪ ከ20 በመቶ በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ። ቻርጅ ላይ ከገባ እስኪሞላ ይቆይ፤ በየሻይ ዕረፍቱ እየሰኩ መንቀል ዕድሜውን ይበላዋል። የተለመደው አካሄድ 8 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ቻርጅ፣ 8 ሰዓት ማቀዝቀዝ ነው። ውሃ የሚጨመረው ቻርጁ ከሞላ በኋላ ነው፣ እሱም የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ። ቀድሞ እስከ አፉ ከተሞላ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ሰፍቶ አሲዱ ይገነፍላል። የውስጡ ሳህኖች ውሃ አጥተው ከታዩ ብቻ፣ እስኪሸፈኑ ድረስ አስቀድማችሁ ጨምሩ። ጓንትና መነጽር አይረሳ። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ ክፍሉ አየር ያስፈልገዋል፤ ሲጋራ እዚያ አይታሰብም።

ማሽን መቀየር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ናፍጣን በኤሌክትሪክ መተካት የመጋዘኑን ውስጥ ከጭስ ይገላግላል። ጠቅላላ ልቀቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ግን የሚወስነው መብራቱ የሚመጣበት ምንጭ ነው፤ የውሃ ኃይልና የድንጋይ ከሰል አንድ አይደሉም። ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያባክነው ኃይል ከአሲዱ ያነሰ ነው፤ በዕረፍት ሰዓት መሰካትም አይጎዳውም። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአሲድ ባትሪ ክብደት ጭነቱን ከኋላ ሚዛን ይጠብቅለታል። ክብደቱ በሚቀለው ሊቲየም ከተተካ ማሽኑ ወደፊት ሊደፋ ስለሚችል አምራቹ ያስቀመጠው ክብደት መሟላት አለበት። አቅራቢ ዘንድ ስትሄዱ የሳምንቱን መዝገብ ያዙ። የባትሪው መጠን የሚመረጠው በእሱ ነው።